ገጠር ቀመስ የምግብ ጠረጴዛ በገዛ እጅ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ ሦስት የምግብ ጠረጴዛ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ሁለተኛው በበር አልገባ አለ። ሦስተኛው ላይ ክንዴን አስደግፌ ነው ይህን የምጽፈው። ሙያዬ አናጢነት አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ጓሮ ውስጥ ሰጋቱራ የሚያቦን ሰው ነኝ። ዘመድም ጎረቤትም ጠረጴዛውን ባየ ቁጥር የሚጠይቀኝ ያው በመሆኑ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ብዙው መልስ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እንጨቱ ውስጥ ባለው ውሃ ላይ ነው።

ገጠር ቀመስ ጠረጴዛ ስትል ምን ማለትህ ነው?

ጣውላው ወፈር ያለ፣ እግሩ ደልደል ያለ፣ የእንጨቱ መስመርና አንጓ በግልጽ የሚታይበት ጠረጴዛ ማለቴ ነው። እንደ መስታወት አያብረቀርቅም። የመጋዙ ምልክት እዚህም እዚያም ቢቀርበት ነውር የለውም። ግን ገጠር ቀመስ ማለት ዝርክርክ ማለት አይደለም። እጅጌ የሚይዝ ስንጥር፣ የሚነቃነቅ እግር፣ ሽሮ የሚያፈስ ክፍተት ስንፍና እንጂ ለዛ አይባልም።

መዶሻ በቅጡ ጨብጬ አላውቅም። እችለዋለሁ?

ትችላላችሁ። በትክክል መለካትና ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ከቻላችሁ የቀረው ትዕግሥት ነው። ልቤ አይጥልልኝም የሚል ሰው መጀመሪያ በትርፍራፊ እንጨት ትንሽ አግዳሚ ይሥራ። አግዳሚ የጠረጴዛ ታናሽ ወንድም ነው። እግር አለው፣ እግሮቹን የሚያያይዝ ማሰሪያ አለው፣ ገጽ አለው። ቢበላሽም ዶሮ ይቀመጥበታል።

የቱን እንጨት ልግዛ?

አዳማ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ባህር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ነው። ከአርሲ ደጋና ከሙነሳ ሻሸመኔ አካባቢ ደኖች ወደ ቆላው ይወርዳል። አንዳንዴ ግራቪሊያም ይገኛል። ሦስቱም ጠረጴዛ ይሆናሉ፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

ባህር ዛፍ ጠንካራና ከባድ ነው። ጭረት አይፈራም፤ ለእግር የሚስተካከለው የለም። ክፉ ጠባዩ መሰንጠቅና መጣመም ነው። ዛፉ በቁሙ ሳለ ውስጡ የተወጠረ ስለሆነ ገና ሲሰነጠቅ ይላቀቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ ብዙ ይሸሻል። እርጥብ የባህር ዛፍ ጣውላ እስኪደርቅ ከስፋቱ በመቶ ከ5 እስከ 10 ሊቀንስ ይችላል። የ16 ሴንቲ ጣውላ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጠፋበት ማለት ነው።

የፈረንጅ ጥድ ለጀማሪ ይሻላል። ቀላል ነው፣ በእጅ መጋዝ ይቆረጣል፣ መላጊያ ይወዳል። ሲቆረጥ የሚሸተው ሽታ ብቻውን ሥራውን ያስወድዳል። አንጓው ብዙ ነው፤ እኛ የምንፈልገውም እሱን ነው። ጉዳቱ ለስላሳነቱ ነው። ብረት ድስት ጣል ቢደረግበት ጠባሳው ይቀራል። እኔ ሦስተኛውን ጠረጴዛ ገጹን ከጥድ፣ እግሩን ከባህር ዛፍ ሠራሁት፤ እስካሁን አልጸጸተኝም።

ግራቪሊያ ካገኛችሁ አታስመልጡት። ሲላግ ነብር የሚመስል ዝንጉርጉር መልክ ይወጣዋል።

የቱንም ብትገዙ የግንዱን መሐል ይዞ የወጣውን ጣውላ ተዉት። ጫፉን ስታዩ ክብ ክብ መስመሮቹ መሐሉ ላይ የሚሰበሰቡ ከሆነ ያ ጣውላ መሰንጠቁ አይቀርም። ከዚያ ጣውላውን ከጫፉ ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ እንደ ጠመንጃ አነጣጥሩበት። መጣመሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሻጩ ቢስቅባችሁም ይሳቅ።

ዋንዛስ? አያቴ ቤት የነበረው ሁሉ ዋንዛ ነበር።

ዋንዛ ለጠረጴዛ ንጉሥ ነው። ለመላግ ይመቻል፣ ብዙ አይጣመምም፣ ቀለሙ ከዕድሜ ጋር ያምራል። ነገር ግን ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና የሀገር ጥድ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ የተከለከሉ አራት ዛፎች ነበሩ፤ አዋጁ ከዚያ ወዲህ በሌላ ቢተካም ጥንቃቄው አይቀርም። ስለዚህ ርካሽ ዋንዛ አለ ብሎ ማታ የሚደውል ሰው ካለ ስልኩን ዝጉት። ዋንዛ የምትፈልጉ ከሆነ አሮጌ በር፣ የተሰበረ ቁም ሣጥን፣ የፈረሰ ቤት ጣውላ ፈልጉ። ለብዙ ዓመት የደረቀ ነው፤ ከአዲሱ ይበልጣል። ከመላጋችሁ በፊት ግን ምስማሩን አንድ በአንድ ልቀሙት። አንዲት የተደበቀች ምስማር የመላጊያ ስለት ትገድላለች።

እንጨቱ መድረቁን በምን አውቃለሁ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። እኔም ወድቄያለሁ።

የመጀመሪያውን ጠረጴዛ ለፋሲካ ላድርስ ብዬ ተነሳሁ። ባህር ዛፉን የገዛሁት ከመኪና ገና ሲራገፍ ነው። በጥፍሬ ስጫነው ይረጥባል። "ደረቅ ነው፣ አትጠራጠር" ተባልኩ። መጠራጠሩን አልፈለግሁም መሰለኝ፤ ገዛሁት። በሁለት ቅዳሜና እሑድ ገጣጥሜ ጨረስኩ። ፋሲካ ዕለት ዶሮው ወጥቶበት ሁሉም አደነቀ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አንድ ሌሊት ሳሎን ውስጥ እንደ ጥይት የሚጮህ ነገር ሰማን። እናቴ "ማርያም!" ብላ ተነሳች። መብራት ስናበራ ማንም የለም። ጠረጴዛው ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከፍቷል። ከዚያ ወዲህ እናቴ "ሽሮ የሚጠጣው" ነው የምትለው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አዲስ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ግማሽ የሚጠጋው ክብደቱ ውሃ ነው። ያ እንጨት ከቀዝቃዛው ደጋ ወርዶ አዳማ ይገባል። አዳማ ደግሞ ሙቀትና ነፋስ አንድ ላይ ያሉበት ከተማ ነው። ነፋሱን ለማመን ከከተማው ወጣ ብለው ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን ተርባይኖች ማየት ይበቃል። የእንጨቱ ላይኛው ክፍል ቶሎ ይደርቅና ይሸሻል፣ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል፣ ሁለቱ ይጓተታሉ፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል።

የሰፈራችን አናጢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው፣ እንጨት ሲመርጥ በጣቱ አንጓ ያንኳኳል። ደረቅ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እርጥቡ ድፍን ይላል። "ስማ፣ ይሄ ገና አልተናገረም" ይለኛል እርጥቡን እያንኳኳ። ጆሮ እስክታወጡ ግን ሚዛን ተጠቀሙ። ከገዛችሁት ጣውላ አንዱን መርጣችሁ ከጫፉ ገባ ብሎ አንድ ስንዝር የሚሆን ቁራጭ አውጡ። በሱቅ ሚዛን መዝኑና ክብደቱን እዚያው እንጨቱ ላይ በእርሳስ ጻፉ። ከሌላው ጣውላ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት። በየሳምንቱ መዝኑ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ቁራጩ ደርቋል። ትልቁ ጣውላ ከቁራጩ ዘግይቶ ስለሚደርቅ ከዚያ በኋላም ታገሡት።

ለማድረቅ ጣውላውን ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ሁለት ብሎኬት ያህል ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ። በየድርድሩ መካከል በየ50 ሴንቲው ቀጭን ዘንግ አግድሙበት፤ አየር እንዲያልፍ። ከላይ ድንጋይ ጫኑበት፤ እንዳይጣመም። የጣውላውን ሁለት ጫፎች ትርፍ ቀለም ወይም ሰም ቀቡ። እንጨት ከሁሉ ፈጥኖ የሚደርቀው በጫፉ በኩል ነው፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣት በርበሬ ሲሆን ነው። የድሮው ልማድ ለ2.5 ሴንቲ ውፍረት አንድ ዓመት ይላል። አዳማ ላይ በበጋው ነፋስ ቀጭን የጥድ ጣውላ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ደርቆልኛል፤ ባህር ዛፍ ላይ ግን አልቸኩልም።

መታገሥ የማይችል ሰው አሮጌ እንጨት ይግዛ። ከአናጢ ቤት የቆየ ጣውላም ዋጋው ወደድ ይላል እንጂ ይገኛል።

ስፋቱና ቁመቱ ስንት ይሁን?

ቁመቱ 75 ሴንቲ ሜትር። ገበያ ላይ ያለው ወንበር መቀመጫው 45 ሴንቲ ገደማ ስለሆነ ለዚያ ይስማማል። ለአንድ ሰው በርዝመቱ በኩል 60 ሴንቲ ይበቃል። ከጠረጴዛው ገጽ ሥር ያለው ማሰሪያ ጉልበት እንዳይነካ ከወለሉ ከ60 ሴንቲ በታች አይውረድ።

ርዝመቱን ግን ከኢንተርኔት ሥዕል አትቅዱ። ሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎች እያንዳንዳቸው ሳህን አላቸው። እኛ አንድ ትሪ ላይ ነው የምንበላው። የመጀመሪያው ጠረጴዛዬ ሁለት ሜትር ነበር። ትሪው መሐል ተቀመጠ። አጎቴ ጫፍ ላይ ደረሰውና ለእያንዳንዱ ጉርሻ እየተነሳ ሲቀመጥ ዋለ። በመጨረሻ ወንበሩን ትቶ ቆሞ በላ። መሶብ ክብ የሆነው አለምክንያት አይደለም፤ ማንም ከእንጀራው እኩል ይርቃል።

ስለዚህ ቤታችሁ በአንድ ትሪ የሚበላ ከሆነ አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ፣ 110 በ110 ገደማ ሥሩ። ስድስት ሰው ከሆናችሁና ቤቱ ጠበብ ያለ ከሆነ 160 በ80 ይሁንና ሁለት ትሪ ዘርጉበት፤ ሦስት ሦስት ሆናችሁ ብሉ። የእኔ አሁን እንዲህ ነው።

ለ160 በ80 ስንት እንጨት ይበቃኛል?

ለገጹ 4 ሴንቲ ውፍረትና 16 ሴንቲ ስፋት ያላቸው አምስት ጣውላዎች፣ እያንዳንዳቸው 160። ባለ 4 ሜትር ጣውላ ካገኛችሁ ከአንዱ ሁለት ይወጣና 80 ሴንቲ ይተርፋል። ስለዚህ ሦስት ጣውላ ግዙ። ለእግር 8 በ8 የሆነ፣ 71 ሴንቲ የሚቆረጥ አራት። 71 እና የገጹ 4 ሲደመር 75 ይመጣል። ለማሰሪያ 10 ሴንቲ ስፋትና 3 ሴንቲ ውፍረት ያለው፣ ሁለት 120 እና ሁለት 58። ማሰሪያዎቹ በየጫፋቸው 3 ሴንቲ እግሩ ውስጥ ይገባሉ፤ ይህ ተቆጥሯል። የገጹን ጣውላዎች አንድ ላይ እንዲይዙ ከሥር አግድም ለሚገቡት መሻገሪያዎች ደግሞ 50 ሴንቲ የሚሆኑ ሁለት ቁራጮች ከትርፉ ይወጣሉ።

ሻካራ ጣውላ ሲላግ ግማሽ ሴንቲ ያህል እንደሚያጣ አትርሱ። 4 ሴንቲ ከፈለጋችሁ 4.5 ግዙ።

ከጥድ ከሠራችሁት ሁለት ሰው ያነሳዋል። ሙሉ በሙሉ ባህር ዛፍ ከሆነ ከ50 ኪሎ ያልፋል፤ ጎረቤት ጥሩ።

ማሽን የለኝም። በእጅ ይሆናል?

ይሆናል። መጋዝ፣ መላጊያ፣ ሁለት መሮ፣ መዶሻ፣ ስኳድራ (ማዕዘን መለኪያ)፣ ሜትር፣ ውሃ ልክና ካቻቪቴ በቂ ነው። መብራት ሲጠፋ በማሽን የለመደው ሰው ሻይ ሲጠጣ እናንተ ትሠራላችሁ። እኔ ግን አንድ ነገር አላደክምበትም። ጣውላውን በባጃጅ ጭኜ እንጨት ቤት ወስጄ ፊቱንና ጎኑን በማሽን አስልጋለሁ። ጎኑ ቀጥ ካላለ ጣውላ ከጣውላ አይገጥምም፤ ያንን በእጅ ማቅናት ለጀማሪ ወገብ ይቆርጣል። ሲላግ እዚያው ቁሙ። ረጅሙን ጣውላ እንዲመቻቸው ብለው ሊያሳጥሩባችሁ ይችላሉ። ደርሶብኛል።

ጣውላዎቹን እንዴት ላጋጥም? ሞርሳ (አጥብቆ የሚጨምቅ መያዣ) የለኝም።

ጎንና ጎኑን ነጭ የእንጨት ኮላ በስሱ ቀብታችሁ አጋጥሙ። ኮላ ሲበዛ አይጠነክርም፤ ሲጨመቅ ነው የሚጠነክረው። ሞርሳ ከሌለ ሽብልቅ አለ። ወለል ላይ ሁለት ጠንካራ ሞራሌ በቋሚነት ምቱ፤ ርቀታቸው ከጠረጴዛው ስፋት አራት ጣት ይብለጥ። ጣውላዎቹን መሐላቸው አስተኙ። በቀረው ክፍተት ሁለት ሁለት ሽብልቅ ፊትና ኋላ አድርጋችሁ ከግራና ከቀኝ በመዶሻ ምቱ። ኮላው በመገጣጠሚያው ሁሉ እንደ ቀጭን ዶቃ ብቅ ካለ በቂ ነው። እንዳይፈናጠር ከላይ ብሎኬት ጫኑ። ከሥር ፌስታል አንጥፉ፤ አለበለዚያ ጠረጴዛው ወለሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ለአንድ ቀን አትንኩት።

የወጣውን ኮላ ትኩስ እያለ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ። እንጨቱ ውስጥ ይሰርግና ዘይት ሲቀባ ነጭ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ግማሽ ሲደርቅ በመሮ ፋቁት።

ገጹን ከእግሩ ጋር በምስማር ብመታውስ?

አትምቱት። የጀማሪ ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ እርጥበት ላይ ደግሞ ተመልሰናል።

የደረቀ እንጨትም ቢሆን ከአየሩ ጋር ይተነፍሳል። ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሸሻል። በርዝመቱ በኩል ምንም አይለወጥም ማለት ይቻላል። በስፋቱ ግን 80 ሴንቲ የሆነ ገጽ በዓመት ውስጥ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሊሄድና ሊመለስ ይችላል። ሐምሌ ላይ በራችሁ አልዘጋ ሲል የምታዩት ይህንኑ ነው። ገጹን በምስማር ወይም በኮላ ከማሰሪያው ጋር ቸንክራችሁ ከያዛችሁት መሄጃ ያጣል፣ ይሰነጠቃል።

መፍትሔው ብሎን ነው፤ ግን መንሸራተቻ ያለው። በማሰሪያዎቹ ውስጠኛ ጎን ትንንሽ ቁራጭ እንጨቶች በኮላና በብሎን አጥብቁ። በነዚህ ቁራጮች ላይ ወደ ገጹ የሚወጣውን ቀዳዳ ክብ አታድርጉት። በጠረጴዛው ስፋት አቅጣጫ ረዘም አድርጋችሁ፣ አንድ ሴንቲ ያህል ክፈቱት። ብሎኑ ከሥር ጨብጦ ይይዛል፤ ገጹ ሲያብጥ ግን ቀዳዳው ውስጥ ይንሸራተታል። መሐል ያለው ብቻ ክብ ቀዳዳ ይኑረው፤ ለውጡ ለሁለቱም ወገን እኩል እንዲካፈል።

ከገጹ ሥር አግድም የሚገቡት ሁለት መሻገሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። ያለ ኮላ፣ በረዘመ ቀዳዳ። አንዳንዱ ለውበት ብሎ የገጹን ሁለት ጫፍ በአግድም ጣውላ ይከድነዋል። ያምራል። በኮላ ከሆነ ግን ዓመት አይሞላውም።

እግሩና ማሰሪያው እንዴት ይያያዛል?

ወንዴና ሴቴ አድርጎ ማጋጠም ነው። የማሰሪያው ጫፍ ቀጥኖ ምላስ ይሆናል፤ እግሩ በመሮ ይፈለፈላል። ምላሱ አንድ ሴንቲ ውፍረትና 3 ሴንቲ ርዝመት ይሁን። በእጅ ተጭኖ የሚገባ፣ ሲገለበጥ የማይወድቅ ከሆነ ልክ ነው። እዚህ ቦታ ኮላ ይፈቀዳል።

ቆሞ ሲነቃነቅባችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ ወለሉን ጠርጥሩ፤ የብዙ ቤት ሊሾ ውሃ ልክ አይደለም። ጠረጴዛውን በማዕዘን አዙራችሁ ሞክሩ። ያው እግር ከተነሳ ችግሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከአጭሩ እግር ሥር ስስ ካርቶን እየደራረባችሁ እስኪቆም ድረስ ለኩ። ከዚያ ሦስቱን ረጃጅም እግሮች በዚያ ልክ ቁረጡ። ሰው አጭሩን ላስረዝም ብሎ ሲለጥፍ አያለሁ፤ ያ ነገር ቤት ሲጠረግ ይወልቃል።

የፓሌት እንጨት ወይም ሶሌታ (የፎቅ ኮንክሪት ወለል) የተሞላበት ጣውላ ይሆናል?

አዳማ የጅቡቲ መንገድ ላይ ስላለች ፓሌት አይጠፋም። ጎኑ ላይ የተተኮሰውን ማህተም እዩ። "ኤች ቲ" የሚል ከሆነ በሙቀት የታከመ ነው፤ ይሆናል። "ኤም ቢ" የሚል ከሆነ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛም ጋዝ የታጠነ ነው፤ ምግብ ወደሚቀርብበት ቦታ አታምጡት። ማህተሙ ካልታየ ወይም ዘይትና ኬሚካል የፈሰሰበት ከመሰለ ይለፋችሁ። የፓሌት ጣውላ ቀጭን ስለሆነ ለብቻው ገጽ አይሆንም፤ ከሥሩ ድጋፍ ይፈልጋል።

የሶሌታ ጣውላ ርካሽ ነው፣ መልኩም ራሱ ገጠር ነው። ሲሚንቶው ግን ስለት ይበላል። በሽቦ ብሩሽ ፈትጋችሁ፣ ምስማሩን ነቅላችሁ ነው ወደ መላጊያ የሚሄደው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የተቀባ ከሆነ ግን ተዉት፤ ሽታው አይለቅም።

ምን ልቀባው?

ሁለት መንገድ አለ። ቫርኒሽ እንደ ቆዳ ከላይ ይሸፍናል። ውሃ አያስገባም፣ ለመጥረግ ይቀላል። ሲላጥ ግን ሁሉንም ፍቆ እንደገና መጀመር ነው። ዘይትና ሰም እንጨቱ ውስጥ ይገባል። አያብረቀርቅም፣ በእጅ ሲዳሰስ እንጨት ይመስላል፣ ሲጎዳ የተጎዳውን ብቻ መጠገን ይቻላል። ለገጠር ቀመስ ሥራ እኔ ዘይቱን እመርጣለሁ።

ከመቀባት በፊት በብርጭቆ ወረቀት በቁጥር 80 ጀምሩ፣ በ120 ቀጥሉ፣ በ150 አቁሙ። ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ። አቧራው ሳንባ አይወድም፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ዘይቱ የተልባ ነው። ለምግብ የሚጨመቀው ጥሬ ተልባ ይሠራል፤ ነገር ግን ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል። ቀለም መደብር የተፈላ ተብሎ የሚሸጠው ማድረቂያ ስላለው በአንድ ሁለት ቀን ይደርቃል፤ እሱን ከቀባችሁ ምግብ ከማቅረባችሁ በፊት አንድ ወር ያህል በደንብ ይድረቅ። በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ያልገባውን ጥርግ አድርጋችሁ አንሱ። ይህን የዘለለ ሰው ጠረጴዛው ዝንብ እንደሚይዝ ማር ይሆንበታል። ሦስት ዙር ይበቃል። የወጥ ቤቱን የፓልም ዘይት ግን አትሞክሩ፤ አይደርቅም፣ እየቆየ ይሸታል።

በመጨረሻ ሰም። አንድ እጅ ንጹሕ የንብ ሰም ከአራት እጅ የተልባ ዘይት ጋር። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት። የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ሌላ ጣሳ አስቀምጣችሁ አቅልጡት። ሲበርድ እንደ ቅባት ይሆናል። ቀቡ፣ ቆይታችሁ በደረቅ ጨርቅ አሹ።

ዘይት የነካው ጨርቅ በራሱ ይነዳል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ቀልድ አይደለም። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ሙቀት ይፈጥራል። ጨርቁ ተጨማድዶ ባልዲ ውስጥ ከተወረወረ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ እሳት ይሆናል። እንደ አዳማ ባለ ሙቀት ደግሞ አትጫወቱበት። ጨርቁን ውጭ ገመድ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ወይም ውሃ ውስጥ ዝፈቁት።

አዲሱን እንጨት ያረጀ ማስመሰል ይቻላል?

ይቻላል፣ ያውም በወጥ ቤት ዕቃ። ለዕቃ ማጠቢያ የሚሸጠውን የሚዝግ የብረት ሽቦ ብርጭቆ ውስጥ ከትታችሁ ኮምጣጤ አፍስሱበት። የማይዝገው ዓይነት አይሠራም። ክዳኑን ጥብቅ አታድርጉ፤ ጋዝ ይወጣዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ አጥሉት። እንጨቱን መጀመሪያ ወፍራም ጥቁር ሻይ ቀቡ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ኮምጣጤውን ቀቡ። ዓይናችሁ እያየ ይጠቁራል። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ነው እንዲህ የሚሆነው። ባህር ዛፍ የራሱ ታኒን ስላለው ሻይም ላያስፈልገው ይችላል። መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሩ፤ ከጠቆረ በኋላ መመለስ የለም።

ምስጥና ነቀዝ እንዳይበላው ምን ላድርግ?

ሁለተኛው ጠረጴዛዬ በራችን 70 ሴንቲ መሆኑን ሳልለካ የተሠራ ነው። ቁመቱ 75፣ እግሩ በኮላ የተያዘ። በጎንም በአናትም አልገባ ብሎ ሁለት ወር በረንዳ ላይ ከረመ። ሳነሳው አንዱ እግር ከሥሩ ባዶ ሆኗል። ምስጥ ገብቶበት።

ስለዚህ መጀመሪያ በሩን ለኩ፤ ገጹም ከእግሩ የሚፈታ ይሁን። በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ እግሮቹ አፈር አይንኩ፤ ከሥራቸው ብረት ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይግባ። የእግሩን የታችኛውን ጫፍ ዘይት እስኪጠግብ አጠጡት። ነቀዝ ሲሆን ምልክቱ ትንንሽ ክብ ቀዳዳና ከሥሩ የተከመረ ደቃቅ ዱቄት ነው። እንዲህ ያለውን ጣውላ ከጅምሩ አትግዙ። ልጣጩ ያልተነሳለትን እንጨት ነቀዝ ይወዳል፤ ለውበት ብላችሁ ልጣጩን አትተዉት።

ስንት ብር ይፈጃል?

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ከነገ ወዲያ ያሳፍረኛል። ሦስት ቦታ ጠይቁ፣ በሜትር ነው በጣውላ ብላችሁ አረጋግጡ፣ ማስላጊያውንና ማጓጓዣውን አትርሱ። እንጨቱ ብቻ ሲሰላ ከተሠራው ይረክሳል። ድካማችሁን ካሰላችሁት ግን አይረክስም።

ትኩስ ድስት አስቀምጬበት ነጭ ክብ ወጣበት። ይለቃል?

ነጩ ከላይኛው ቅብ ውስጥ የታሰረ እርጥበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ አንጥፋችሁ ለብ ባለ ካውያ ለጥቂት ሰኮንድ ነካ ነካ አድርጉት፣ እያነሳችሁ እዩት። ጥቁር ክብ ከሆነ ግን ሌላ ነው። እርጥብ ብረት ከእንጨቱ ታኒን ጋር ተገናኝቷል፤ ሎሚ ቀብታችሁ ሞክሩ፣ ካልሆነ መፈተግ ነው። ጀበናው ማቶት ይኑረው፣ ድስቱ ማስቀመጫ ይኑረው።

የሠራሁት ተሰነጠቀብኝ። ልጣለው?

አትጣሉት። መጀመሪያ ስንጥቁ መስፋቱን እስኪያቆም ጠብቁ፤ ሁለት ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። በእርሳስ ጫፉን ምልክት አድርጉበትና ተከታተሉት። ሲቆም፣ ጠባብ ከሆነ የዚያኑ እንጨት ደቃቅ ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ለውሳችሁ ሙሉት፣ ሲደርቅ ፈትጉት። ሰፊ ከሆነ ከዚያው እንጨት ስስ ሽብልቅ ቀርጻችሁ በኮላ አስገቡ። ገጹ በምስማር የተቸነከረ ከሆነ ምስማሩን ነቅላችሁ በመንሸራተቻ ቀይሩት፤ አለበለዚያ ከጎኑ ሌላ ይሰነጠቃል።

ሽሮ የሚጠጣውም እንዲህ ተጠግኖ፣ ከሁለት ሜትር ወደ 120 ሴንቲ አጥሮ ጓሮ አለ። እናቴ ሽንኩርት ትከትፍበታለች። እንዳትንቀሳቀስ ያደረግኋት ሽብልቅ በየክረምቱ ትንሽ ብቅ ትላለች፤ በጋ ሲመጣ ትመለሳለች።